ቤንዚል አልኮል፦ ከአልሞንድ ዘይት እስከ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል

በ1832 ሰኔ ወር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪክ ቮለር ሚስቱ ሞተችበት። ዕድሜው ገና 31 ነበር፤ ትንንሽ ልጆችም ቀርተውበታል። ወዳጁ ዩስቱስ ሊቢግ በካሰል ከተማ ብቻውን ከሐዘኑ ጋር እንዲቀመጥ አልፈቀደም። ወደ ጊሰን፣ ወደ ራሱ ላቦራቶሪ ጠራውና ሁለቱ አንድ ሥራ ያዙ፤ የመራራ አልሞንድ ዘይትን መመርመር።

የመራራ አልሞንድ ፍሬ ተፈጭቶ በእንፋሎት ሲወጣ የሚገኘው ዘይት መዓዛው ደስ ይላል። ኬክ ቤት የምናውቀው የአልሞንድ ሽታ የእሱ ነው። ነገር ግን አብሮት ሳያናይድ ይወጣል፤ ያልተጣራውን ዘይት ጥቂት የቀመሰ ሰው ሊሞት ይችላል። ሊቢግና ቮለር መጀመሪያ መርዙን ለይተው አስወገዱ። የቀረውን ንጹሕ ዘይት፣ ዛሬ ቤንዛልዴይድ የምንለውን፣ አየር እንዲያገኘው ሲተዉት ነጭ ክሪስታል ሆነ፤ ቤንዞይክ አሲድ ነው። ክሎሪን ሲያሳልፉበት ሌላ ነገር ወጣ፤ ያ ደግሞ አሞኒያ ሲያገኘው ሌላ ሆነ። በዚህ ሁሉ መለዋወጥ መካከል 7 ካርቦን፣ 5 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን የያዘ አንድ ክፍል ሳይበተን ከአንዱ ቅመም ወደ ሌላው ሲሻገር አዩ። በዚያ ዘመን ከዕፅዋትና ከእንስሳት የሚገኙ ነገሮች ኬሚስትሪ መግቢያው የማይታወቅ ዱር ነበር፤ የሁለቱ ወዳጆች ጽሑፍ በዚያ ዱር ውስጥ የመጀመሪያውን መንገድ ጠረገ። ስዊድናዊው ሊቅ ቤርዜሊየስ ሲያነበው አዲስ ንጋት ነው ብሎ ተቀበለው።

የርእሳችን ቤንዚል አልኮል ገና አልተወለደም። ከመወለዱ በፊት ግን በኋላ የሰው ሕይወት የሚወሰንበት አንድ እውነት ተገኘ። ሊቢግ በ1829 በፈረስ ሽንት ውስጥ ሂፑሪክ አሲድ የሚባል ነገር ለይቶ ነበር። በ1841 ለንደን ውስጥ አሌክሳንደር ዩር የተባለ ሐኪም፣ ቤንዞይክ አሲድ የወሰደ ሰው በሽንቱ ሂፑሪክ አሲድ እንደሚያወጣ ጻፈ። በዓመቱ ቮለር በሚያስተምርበት በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ቪልሄልም ኬለር ሙከራውን በራሱ አካል ላይ አደረገው። ማታ ሊተኛ ሲል ቤንዞይክ አሲድ ዋጠ፤ ጠዋት ሽንቱን አጠራቅሞ መረመረ፤ የዋጠው ነገር ሂፑሪክ አሲድ ሆኖ አገኘው። ሰውነት ከውጭ የገባበትን ነገር ከራሱ ቅመም ጋር አጣምሮ እንደሚያስወጣ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ያቺ አጣማሪ ቅመም ግላይሲን የምትባል ትንሽ አሚኖ አሲድ መሆኗ ደግሞ በ1845 ተለየ። ግላይሲን እንደ አጋሰስ ናት፤ ጉበትና ኩላሊት ቤንዞይክ አሲዱን ይጭኑባታል፣ እሷም በሽንት በኩል ከአካል ይዛው ትወጣለች። ጫኚው በርትቶ እስከሠራ ድረስ ሰውየው ምንም አይሆንም።

አሁን ወደ ጣሊያን እንሻገር። ስታኒስላዎ ካኒዛሮ የፓሌርሞ ተወላጅ ነው። በ1848 ሲሲሊ በንጉሧ ላይ ስታምፅ የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከአማፂዎቹ ጎን ተሰልፎ የመድፈኛ መኮንን ሆነ። ዓመፁ ሲደመሰስ በ1849 በመርከብ ወደ ማርሴይ ሸሸ፤ ከዚያም ፓሪስ ገብቶ በኬሚስቱ በሼቭረል ላቦራቶሪ ተቀጠረ። በ1851 ወደ ጣሊያን፣ ወደ ፒየሞንቴ ተመልሶ በአሌሳንድሪያ ከተማ ኮሌጅ መምህር ሆነ። አሌሳንድሪያ የፓሪስን ያህል ምቹ አልነበረችም፤ እሱ ግን አነስተኛ ላቦራቶሪ አቋቁሞ የሊቢግንና የቮለርን የአልሞንድ ዘይት እንደገና አነሣው።

በ1853 ቤንዛልዴይድን በአልኮል ከተሟሟ ፖታሽ ጋር ቀላቀለ። የአልሞንዱ ሽታ ጠፋ፤ በምትኩ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው የቤንዞይክ አሲድ ጨው ነው። ሁለተኛው ግን ከዚያ በፊት ማንም ለይቶ ያላወጣው፣ ቀለም የሌለው፣ እንደ ዘይት የሚፈስ ፈሳሽ ነበር፤ ቤንዚል አልኮል። የሆነው እንዲህ ነው። ሁለት የቤንዛልዴይድ ሞለኪውሎች ሲገናኙ አንደኛው ሃይድሮጅኑን ለሌላው ይለቅለታል። የለቀቀው አሲድ ይሆናል፤ የተቀበለው አልኮል ይሆናል። ከአንድ ዓይነት ጥሬ ነገር፣ በአንድ ብልቃጥ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ውጤት! ይህ ለውጥ እስከ ዛሬ የካኒዛሮ ሪአክሽን ይባላል፤ የኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ ያጠናዋል።

ካኒዛሮን ዓለም ይበልጥ የሚያስታውሰው በሌላ ሥራው ነው። በ1860 መስከረም በካርልስሩኸ በተደረገው የኬሚስቶች ጉባኤ የአቶምንና የሞለኪውልን ክብደት ለይቶ ያስረዳበት ትንሽ መጽሐፍ ታደለ፤ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ወጣቱ ሜንዴሌቭ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ ግን በስደት የኖረ ሰው ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ መጥቶ፣ በእጁ ባለው ዕቃ ብቻ እንዲህ ያለ ንጹሕ ግኝት ማውጣቱ ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም።

የአዲሱ አልኮል አካል እንዴት እንደተዋቀረ በትክክል የታየው ጀርመናዊው ኬሚስት ኬኩሌ በ1865 ቤንዚን (benzene) የሚባለውን ቅመም ቀለበትነት ካሳየ በኋላ ነው። 6 ካርቦኖች ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። ከቀለበቱ ጎን አንድ ካርቦን ይወጣል፤ በዚያ ካርቦን ጫፍ ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተቀምጠዋል። ያ አንድ ካርቦን ከመካከል ቢወጣና ኦክስጅኑ በቀጥታ ከቀለበቱ ጋር ቢገናኝ ነገሩ ፌኖል ይሆናል፤ ጆሴፍ ሊስተር በ1867 ቁስል እንዳያመረቅዝ ይጠቀምበት የነበረው፣ ቆዳ የሚያቃጥለውና የሚልጠው ኃይለኛ ፀረ ተሕዋስ። ቤንዚል አልኮልም ተሕዋስያንን ያዳክማል፤ ነገር ግን በመካከል በገባችው በአንዲት ካርቦን ምክንያት ከፌኖል በጣም የገራ ነው።

ጠባዩን ልናገር። በ205 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይረጋል። ከውኃ ትንሽ ይከብዳል። 100 ሚሊ ሊትር ውኃ 4 ግራም ያህሉን ያሟሟል፤ ከተራው አልኮልና ከኤተር ጋር ግን በፈለጉት መጠን ይደባለቃል። ሽታው ቀላልና ጣፋጭ ነው። ክዳኑ ሳይጠብቅ ለወራት የቆየ ጠርሙስ ሲከፈት ግን አልሞንድ አልሞንድ ይላል፤ አየሩ ቀስ በቀስ ወደ ቤንዛልዴይድ መልሶታል። አየሩ ደግሞ ቤንዛልዴይዱን ይዞ ይቀጥላል፤ መጨረሻው ቤንዞይክ አሲድ ነው። ይህን የመለወጥ ቅደም ተከተል አንባቢ ይያዝልኝ። አየር በወራት የሚሠራውን የሰው ጉበት በጥቂት ጊዜ ይሠራዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የጃዝሚን አበባ ዘይት ሲመረመር ዋናው መዓዛ ሰጪ ቤንዚል አልኮል ከአሴቲክ አሲድ ጋር ተጣምሮ የሚፈጥረው ቤንዚል አሴቴት ሆኖ ተገኘ። አልኮሉ ራሱም እዚያው አበባ ውስጥ አለ። ሽቶ ሠሪዎች እንግዲህ በብዛት ፈለጉት። ፋብሪካዎች ግን አልሞንድ አልፈለጉም፤ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ፣ በኋላም ከነዳጅ ዘይት የሚገኘውን ቶሉዊን ወስደው በክሎሪን ይለውጡታል፣ ከዚያ ከሶዳ ጋር አፍልተው አልኮሉን ያወጣሉ። ዛሬም ዋናው የማምረቻ መንገድ ይኸው ነው።

ከሽቶ ቤት ወደ ሕክምና ያሸጋገረው ባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የመድኃኒት ሊቅ ዴቪድ ማክት ነው። ማክት የሚያጠናው ኦፒየምን ነበር። ኦፒየም ውስጥ ካሉት ቅመሞች ሞርፊን አንድ ዓይነት ጠባይ አለው፤ ፓፓቨሪን ደግሞ ሌላ፤ የአንጀትንና የደም ሥርን ጡንቻ ያላላል። ማክት የፓፓቨሪንን አካል ሲያየው የቤንዚል ክፍል አለበት። ታዲያ ኃይሉ ከዚያ ይሆን እንዴ? ብሎ ቀላሎቹን የቤንዚል ቅመሞች መፈተን ጀመረ። ቤንዚል አልኮል ጠብታው ምላስ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ቦታው ይደነዝዛል። በ1918 ባሳተመው ጥናት ቤንዚል አልኮል በጨው ውኃ ተበጥብጦ ከቆዳ ሥር ሲወጋ ሕመም እንደሚያደነዝዝ አሳየ። በጊዜው ከሚሠራባቸው ማደንዘዣዎች አንዱ ኮኬይን ነበር፤ መርዛማ ነው፣ ሱስ ያስይዛል፣ ሲፈላ ይበላሻል። ቤንዚል አልኮል ርካሽ ነው፤ አፍልቶ ከተሕዋስ ማጽዳትም ይቻላል። ማክት ሰውነት ቤንዚል አልኮልን ወደ ቤንዞይክ አሲድ፣ ያንንም ወደ ሂፑሪክ አሲድ ለውጦ እንደሚያስወጣው ያውቅ ነበር፤ ለመድኃኒቱ ደኅንነትም ማስረጃ አድርጎ ቆጠረው። ለአዋቂ ሰው ልክ ነበር።

በማደንዘዣነቱ ብዙ አልገፋም፤ ፕሮኬይንና ሌሎች የተሻሉ መድኃኒቶች ቀደሙት። ሌላ ሥራ ግን ጠበቀው። በካኒዛሮ ብልቃጥ ውስጥ የተለያዩት ሁለቱ ነገሮች፣ አልኮሉና አሲዱ፣ መልሰው ሲጣመሩ ቤንዚል ቤንዞኤት የሚባል ዘይት ይሆናሉ። ይህ ዘይት ከጥንት ጀምሮ ለቆዳ በሽታ ሲቀባ የኖረው የፔሩ በለሳን ዋና ክፍል ነው። በ1930ዎቹ ዴንማርካዊው ሐኪም ኪስማየር በቤንዚል ቤንዞኤት እከክን በአጭር ጊዜ ማዳን እንደሚቻል አሳየ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ እከክ የእንግሊዝን ሠራዊት አጠቃ። ኬነዝ ሜላንቢ የተባለው የነፍሳት ተመራማሪ በሸፊልድ ከተማ፣ በእምነታቸው ምክንያት ጦር አናነሣም ያሉ ፈቃደኛ ወጣቶችን ሰብስቦ ከ1941 ጀምሮ ሙከራ አደረገባቸው። በእከክ የተያዙ ወታደሮች የለበሱትን የውስጥ ልብስ ሳይታጠብ ለበሱ፤ በተኙበት ብርድ ልብስ ተኙ። በዚያ መንገድ የተያዘው ጥቂት ብቻ ነበር። እከክ በዋናነት ከገላ ወደ ገላ እንደሚተላለፍ፣ ሠራዊቱ ብርድ ልብስ በማጠን የሚያጠፋው ጉልበት ከንቱ እንደሆነ ታወቀ። ቤንዚል ቤንዞኤት ግን ከአንገት እስከ እግር ጣት በደንብ ሲቀባ ተባዩን ይጨርሰዋል። በእኛም ጤና ጣቢያዎች ቢ.ቢ.ኤል. እየተባለ የሚሰጠው ነጭ ቅባት ይኸው ነው፤ በ2015 እና በ2016 በድርቁ ምክንያት በአማራ ክልል እከክ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲይዝ ከቀረቡት መድኃኒቶች አንዱ ነበር።

አልኮሉ ራሱ ደግሞ ከመርፌ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ጸጥ ብሎ ይሠራ ጀመር። አንድ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ የሚወጋ ከሆነ፣ መርፌው በገባ ቁጥር ተሕዋስ ይዞ ሊገባ ይችላል። 0.9 በመቶ ያህል ቤንዚል አልኮል ሲጨመርበት ተሕዋሱ አይራባም። በዚያ ላይ የመርፌውን ሕመም ትንሽ ይቀንሳል፤ በውኃ ብቻ የማይሟሙ መድኃኒቶችንም ለማሟሟት ያግዛል። ዲያዜፓም መርፌ ውስጥ 1.5 በመቶ አለ። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወጋው ዲክሎፌናክም ብዙ ጊዜ ይዞት ይመጣል። በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ግን ስሙ የሚሰፍረው ከዋናው መድኃኒት ጎን ሳይሆን ሥራ ከሌላቸው ተጨማሪዎች መካከል ነበር። የጥፋቱ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ተሕዋስ የሚያዳክም፣ ነርቭ የሚያደነዝዝ፣ በጉበት አሲድ የሚሆን ነገር ሥራ የለውም ተብሎ ሲጻፍ ሁሉም መጠኑን መቁጠር ይተዋል።

በ1970ዎቹ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የማትረፍ ሕክምና በአሜሪካ በፍጥነት አደገ። 1 ኪሎ የማትሞላ ሕፃን በማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ትተኛለች፤ በእትብቷ በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ደም ሥሯ ይገባል። ደም በተቀዳ ቁጥር፣ መድኃኒት በተሰጠ ቁጥር፣ ቱቦው እንዳይደፈን ነርሷ በጥቂት ሚሊ ሊትር ጨዋማ ውኃ ታጥበዋለች። በቀን ብዙ ጊዜ ነው። የሚታጠብበት ውኃ ንጹሕ መሆን አለበትና፣ ለጥንቃቄ ተብሎ፣ ቤንዚል አልኮል ያለበት ብልቃጥ ይከፈታል።

ሒሳቡን እንሥራው። 0.9 በመቶ ማለት በ1 ሚሊ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 30 ሚሊ ሊትር ቢወስድ 270 ሚሊ ግራም ያገኛል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 4.5 ሚሊ ግራም ብቻ። 1 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን ግን በቀኑ ሙሉ የሚደርሳት የቱቦ ማጠቢያ ውኃ 11 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢሆን እንኳ 99 ሚሊ ግራም ለ1 ኪሎ ሆነ። ከአዋቂው 22 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ አዋቂው ቤንዞይክ አሲዱን የሚጭንለት ጉበት አለው፤ የሕፃኗ ጉበት ግን ጭነቱን ገና አልተማረም። አጋሰሷ ሳትጫን ትቀራለች፤ አሲዱ በደም ውስጥ ይከማቻል።

የታመሙት ሕፃናት ምልክት አንድ ዓይነት ነበር። ደማቸው አሲድ ይሆናል፤ የደም ግፊታቸው ይወርዳል፤ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንጎላቸው ውስጥ ደም ይፈስሳል። ከሁሉ በላይ ግን አተነፋፈሳቸው ይለወጣል። አየር ያጠረው ሰው እንደሚያደርገው አፋቸውን እየከፈቱ በኃይል ይስባሉ፣ ያቋርጣሉ፣ ደግመው ይስባሉ። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ነውና እንዲህ ያለውን ሞት ለይቶ ማየት ቀላል አልነበረም። በኒው ኦርሊንስ ሁዋን ገርሻኒክና ባልደረቦቹ ለዩት። የሕፃናቱን ደምና ሽንት ሲያስመረምሩ ቤንዞይክ አሲድና ሂፑሪክ አሲድ በብዛት አገኙ፤ ኬለር ከ140 ዓመት በፊት በራሱ ሽንት ያየው ያው ነገር። ሌላ የሐኪሞች ቡድንም በሌላ ሆስፒታል ለብቻው ወደዚሁ ደረሰ። በ1982 ሰኔ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከሁለቱ ቦታዎች የ16 ሕፃናትን ሞት በሳምንታዊ ዘገባው አወጣ። በገርሻኒክ ቡድን ሕፃናት ላይ ተሰልቶ የተገኘው መጠን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ99 እስከ 234 ሚሊ ግራም ነበር። የገርሻኒክ ቡድን የ10 ሕፃናትን ታሪክ በዚያው ዓመት በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አሳተመ።

ያን ጊዜ ሊቢግና ቮለር በአልሞንድ ዘይት ላይ ከሠሩ ልክ 150 ዓመት ሆኖት ነበር። አልኮሉ አሲድ እንደሚሆን፣ አሲዱ ከግላይሲን ጋር ተጣምሮ እንደሚወጣ፣ ይህ ሁሉ በመጻሕፍት የተጻፈ ነበር። እነዚያን ሕፃናት የገደለው የእውቀት እጥረት አይደለም። አንድ ብልቃጥ ለአዋቂ ተሠርቶ፣ ያለ ምንም ጥያቄ ከአንድ ኪሎ ሕፃን ቱቦ ላይ መዋሉ ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዚያው በ1982 ሆስፒታሎች ቤንዚል አልኮል ያለበትን ውኃ ለጨቅላ ሕፃናት እንዳይጠቀሙ አሳሰበ። ሆስፒታሎች ተጨማሪ ወደሌለው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ወደሚከፈተው ብልቃጥ ተመለሱ። ውጤቱ በ1986 በታተመ ጥናት ታየ፤ ውኃው ከተቀየረ በኋላ ከ1,000 ግራም በታች ሆነው በተወለዱት ሕፃናት ዘንድ ሞትም የአንጎል ደም መፍሰስም ቀነሰ። ማለትም ጉዳቱ ከታወቁት 16 ሕፃናት እጅግ የሰፋ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ስማቸው በየትኛውም ዘገባ ያልገባ ሕፃናት ይታዩኛል።

አልኮሉ ከዚያ በኋላ ወደሚመቸው ቦታ ሄደ። በ2009 ይኸው የአሜሪካ አስተዳደር 5 በመቶ ቤንዚል አልኮል ያለበትን የራስ ቅማል መድኃኒት ፈቀደ፤ ከ6 ወር በላይ ለሆናቸው ልጆች ነው። ቅማል ውኃ ሲነካት በጎኗ ያሉትን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ትዘጋለች፤ በመታጠብ ብቻ የማትሞተውም ስለዚህ ነው። ቤንዚል አልኮል ቀዳዳዎቹ እንዳይዘጉ ያደነዝዛቸዋል፣ ቅባቱ ገብቶ ያፍናታል። ቅጫሙን ግን አይገድልም፤ ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። በቀለም ሥራም ተፈላጊነቱ ጨመረ። የቆየ ቀለም ለመላጥ ይውል የነበረው ዳይክሎሮሜቴን በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሠሩ ሰዎችን ስለገደለ አሜሪካ በ2019 ለቤት ተጠቃሚ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ የእሱን ቦታ ከያዙት አንዱ ቤንዚል አልኮል ነው። ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ግን ትነቱ ሰው አይጥልም።

በሕፃናት ክፍል በኩል አንድ ሥራ ቀርቶ ነበር። ጨቅላ ሕፃን ሲያንቀጠቅጠው ከሁሉ በፊት የሚሰጠው መድኃኒት ፌኖባርቢታል ነው። በአሜሪካ ለአሥርት ዓመታት የተሠራበት የፌኖባርቢታል መርፌ ግን ራሱ ቤንዚል አልኮል ነበረበት። ሐኪሙ መንቀጥቀጡን ለማቆም ሲል ያንኑ አልኮል አብሮ መስጠት ግድ ይለው ነበር። ቤንዚል አልኮል የሌለበት፣ በዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ ሲፈለግ የሚበጠበጥ ፌኖባርቢታል ለጨቅላ ሕፃናት የተፈቀደው በኅዳር 2022 ነው፤ ከ16ቱ ሕፃናት ዘገባ 40 ዓመት በኋላ።